የራስጌው ክብር

በጓሳ አምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ አለ። አለ ሲባል በሩ አለ ለማለት ነው። በበሩ ላይ በቀይ ቀለም «ላቦራቶሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር ጡጫ የሚያክል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የፊዚክስ መምህርቷ ፀደንያ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በሩ ተከፍቶ ያየችው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም እንግዶች ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከነካርቶናቸው የተደረደሩትን ሚዛኖች በኩራት አሳዩና «አንድም አልተሰበረብንም» ብለው መልሰው ቆለፉት። እውነታቸውን ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የነካቸው ሰው የለማ።

ፀደንያ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። መጀመሪያ የንብረት ክፍሉ ሰው ሥልጠና ሄዷል ተባለች። ሁለተኛ የመረከቢያ ቅጽ አልቋል ተባለች። በሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ አባታዊ ፈገግታ አሳይተው፣ ተማሪ ዕቃ እንደሚያበላሽ፣ ሥዕሉ መጽሐፉ ላይ ስላለ ከዚያ ማሳየት እንደምትችል መከሯት። ሥዕሉን አየችው። አንድ ሰው ድልድይ ላይ ቆሟል፤ ከድልድዩ ሁለት ጫፎች ሁለት ቀስቶች ወደ ላይ ይጠቁማሉ። ተማሪዎቿ ያንን ቀስት ከዓመት ዓመት ደብተራቸው ላይ ሲገለብጡ ኖረዋል፤ ቀስቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም።

ቁልፉን ተወችና ወደ ጤና ኬላው ሄደች። ሕፃናት የሚመዘኑበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ስትለምን የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያለ ምንም ቅጽ ከግድግዳው አውርዳ ሰጠቻት። ሁለተኛውን ከጎረቤት ቀበሌ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሄዳ አመጣች። ሁለቱን ሚዛኖች ከዘጠነኛ ክፍል ጣሪያ እንጨት ላይ ሰቀለቻቸውና አንድ የባሕር ዛፍ አጣና በሁለቱ ላይ አንጠለጠለች። አጣናው አራት ኪሎ ስለነበር ሁለት ሁለት አነበቡ። ቀጥላ አሥር ኪሎ ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ ልክ መካከሉ ላይ ሰቀለችው፤ ሰባትና ሰባት ሆነ። ከረጢቱን ገፋ አድርጋ ወደ ግራው ጫፍ አስጠጋችው፤ ዘጠኝ ተኩልና አራት ተኩል። ጫፉ ጋ አደረሰችው፤ አሥራ ሁለትና ሁለት። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን ትተው ሚዛኑን ከበቡ። ድምሩ ሁልጊዜ አሥራ አራት መሆኑን ያወቁት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ አጣናውን አወረደችና በሁለት ተማሪዎች ትከሻ ላይ አስቀመጠችው። ዓይናቸውን በነጠላ አሰረች። ሌላው ከረጢቱን የፈለገበት ቦታ ሲያንጠለጥል፣ ተሸካሚዎቹ የት እንዳለ በትከሻቸው ብቻ መናገር ነበረባቸው። ብዙዎቹ እየተሳሳቱ ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። ወንጌላዊት የምትባለው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ግን ከረጢቱ መወዛወዙን ሳያቆም «ወደ እኔ ነው፤ ከግማሹ አልፏል» አለች። ሦስት ጊዜ ሞከሯት፤ ሦስቱንም አልሳተችም። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ እሷ ቀረች።

«መምህርት፣ ቃሬዛም እንደዚህ ነው?» አለች።

ፀደንያ፣ ሁለት ቦታ የተደገፈ ነገር ሁሉ፣ ቃሬዛም ይሁን ድልድይ፣ ሕጉ አንድ መሆኑን ነገረቻት። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓሳ አምባ እስከ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል ቁልቁለት ነው፤ መኪና ከታች ካለው ወንዝ ወዲህ አይሻገርም። ስለዚህ የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። በቀበሌው ግድግዳ ላይ «ባህላዊ አምቡላንስ» የሚል ያማረ ወረቀት ተለጥፏል፤ ትርጉሙ ሁለት እንጨትና በመካከላቸው የተወጠረ ጠፍር ማለት ነው። ሁለት ሰው ከራስጌ፣ ሁለት ሰው ከግርጌ ይሸከማል፤ ሌሎቹ ተከትለው ይቀይሯቸዋል። ሕያው ሰው ሲወርድ ራሱ ይቀድማል። እግሩ የሚቀድመው ሬሳ ነው፤ ይህን ሥርዓት ማንም አይነካውም። ትራሱም ተሸካሚዎቹ የበሽተኛውን ትንፋሽ እንዲሰሙ ተብሎ ራስጌው ጫፍ ድረስ ተጠግቶ ይታሠራል።

እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ጉዱ ያለው ተሸካሚዎቹ ጋ ነው። በእድሩ መዝገብ እያንዳንዱ አባል የራስጌ ሰው ወይም የግርጌ ሰው ተብሎ ተጽፏል፤ አንዴ ከተጻፈ ዕድሜ ልኩን ያው ነው። ራስጌ የክብር ቦታ ነው ይባላል። የእድሩ ዳኛ አቶ ሙላት፣ ሦስት ወንድሞቻቸውና አማቾቻቸው በሙሉ ግን ክብር የማይወዱ ትሑታን ስለሆኑ አንድ ሳይቀሩ ግርጌ ናቸው። ክብሩን በሬ ለሌላቸው፣ መሬታቸው ጠባብ ለሆነባቸውና በስብሰባ ላይ አፋቸውን ለማይከፍቱት ለቀቁላቸው። ከእነዚህ የተከበሩ ሰዎች አንዱ የወንጌላዊት አባት ይታያል ነበር።

ሐምሌ ላይ አቶ ሙላትን የኩላሊት ጠጠር ያዛቸው። አቶ ሙላት ዘጠና ስምንት ኪሎ ናቸው፤ ይህንንም ሲናገሩት እንደ ማዕረግ ነው። ቃሬዛው በጭቃው ሲወርድ ሸርተቴ የሚባለው ቁልቁለት አናት ላይ የይታያል እግር ከዳው፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ዳኛው ከነጋቢያቸው ጭቃ ውስጥ ተንከባለሉ። አንድም ቦታ አልተጫሩም። እንዲያውም ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ጠጠሩ መንገድ ላይ ወርዶ ተገኘ፤ ነርሷም ሳይጠቅምዎት አልቀረም ብላ ቀለደችባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይታያልን ጠርቶ ጠላ ያጠጣ ነበር።

አቶ ሙላት ግን ከሰሱ። ከሳሹ እርሳቸው፣ ዳኛውም እርሳቸው፣ ተበዳዩም እርሳቸው ሆነው ነገሩን በአንድ ቀን ጨረሱት። አራት ሰው እኩል ተሸክሞ ሦስቱ ሳይወድቁ አንዱ የወደቀው ሆን ብሎ ነው አሉ። ቃሬዛ የጣለ ቃሬዛ አይነሣለትም የሚለውን ደንብ ጠቅሰው ይታያልን ከእድሩ ሰረዙት፤ ለኅዳር ሚካኤል ጉባኤው ካጸደቀው አለቀ። የይታያል ሚስት፣ የወንጌላዊት እናት የብርጓል፣ ደግሞ አሁን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ስትወልድ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ የመለሳት ያው ቃሬዛ ነበር። አሁን ምጥ ቢጠናባት የሚያነሣት ትከሻ የለም። ወንጌላዊትን ያስለቀሳት ይህ ነው።

ፀደንያ የዚያኑ ዕለት አቶ ሙላትን ፍለጋ ሄደች። የገብስ ክምራቸው ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቁጭ አድርገው ወተት አስመጡላት፤ ስለ አጣናውና ስለ ከረጢቱ ስትነግራቸውም ፊደል የሚቆጥር ሕፃን እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ስትጨርስ ይህ የመጽሐፍ ነገር መሆኑን፣ እነሱ ግን ቃሬዛ ሲሸከሙ መኖራቸውን አስረዷት። ራስጌውን ተሸክመው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ራስጌ ለእኔ ምን ይገባኛል፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ትሑት ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ትሕትናዎ ስንት ኪሎ እንደሚቀል ጉባኤው ፊት እመዝንልዎታለሁ» አለች ፀደንያ።

ምላሷ እንዲህ ነበር። ነገር ሲያናድዳት ለዛ አታበጅለትም፤ ከመምህራን ክፍል አንስቶ እስከ ገበያ ድረስ በዚሁ ትታማለች። ዳኛው ፈገግታቸው ጠፋ፤ ይሁን፣ ይመዘን፣ አሉ። ሁለት ጫፍ ያለው እንጨት እኩል እንደሚከብድ አንድም ጥርጣሬ አልነበራቸውም፤ ወይም እንደሌላቸው ለራሳቸው ካሳመኑ ቆይተዋል።

ለኅዳር ሚካኤል ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ እድሩ በሚሰበሰብበት ጥድ ሥር ተቀመጠ። ፀደንያ ከገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሁለት የእህል ሚዛን በአህያ አስጭና አምጥታለች። ራስጌውን በአንዱ፣ ግርጌውን በሌላው ላይ አሳረፈች። ባዶው ቃሬዛ አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ ስድስት ስድስት አነበቡ። የሚጋደም ሰው ስትጠይቅ ግን ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አይተኛም፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። አንዱን ጎልማሳ ስትጠቁመው ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንዷን ተማሪዋን ስትጠራ እናቷ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ፀደንያ በልቧ ይህን ሁሉ ሰው ናቀችው። እሷም ራሷ ግን፣ ዲግሪዋና ደብረ ማርቆስ ማደጓ እንዳለ ሆኖ፣ ጋደም ለማለት እግሯ አልታዘዘላትም፤ ይህን ባስታወሰች ቁጥር እስከ ዛሬ ታፍራለች።

ምን ታድርግ፣ ስድሳ ኪሎ ገብስ በጆንያ አስመጣች። ጆንያውን ቃሬዛው ላይ በቁመቱ አስተኙት፤ እሷም አቃንታ መካከል ላይ አደረገችው። ሚዛኖቹ ረጉ። አቶ ሙላት መነጽራቸውን አውጥተው አንዱን አነበቡ፣ ዞረው ሌላውን አነበቡ።

«ሠላሳ ስድስት» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደግሞ፣ «ሠላሳ ስድስት።»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ሙላት ለመምህርቷ ስለ ምስክርነቷ ምስጋና አቀረቡ፤ መንግሥት ያስተማራት በከንቱ እንዳልሆነም ተናገሩ። የፀደንያ ጆሮ በእፍረት ጋለ። ተማሪ ቢሠራው ዜሮ የምትሰጠውን ስሕተት በአደባባይ ሠርታለች። ጆንያ ራስ የለው፣ ደረት የለው፣ እግር የለው፤ ትራስ ላይ አይተኛ። ይህን ለማስረዳት አፏን ከፈተች፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም። አቶ ሙላት መዝገቡ እንዲመጣና የይታያል መሰረዝ እንዲጸድቅ አዘዙ።

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ መካከል የብርጓል ተነሣች። ወገቧን በእጇ ደግፋ፣ ለማንም መንገድ ልቀቁልኝ ሳትል፣ ቀስ እያለች መጣች። ይታያል ሊይዛት ሮጠ፤ እጁን ገፋ አደረገችው።

«ጆንያውን አውርዱልኝ፤ እኔ ልተኛ» አለች። «ዛሬ ለሚዛኑ ካልተኛሁ በወሩ የምተኛው አፈር ውስጥ ነው።»

ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ አይታወቅም። የብርጓል ቃሬዛው ላይ ወጣች፣ ራሷን ትራሱ ላይ አደረገች፣ ነጠላዋን ሆዷ ላይ አስተካከለች፣ ዓይኗን ወደ ጥዱ ሰቀለች። ሚዛኑን ያነበበችው ወንጌላዊት ናት። ቁጥሩን ሁሉም ሰማው።

«ራስጌ አርባ ስድስት። ግርጌ ሠላሳ።»

አቶ ሙላት ወዲያው ያኛው ሚዛን ተበላሽቷል አሉ። ፀደንያ እሺ አለች። ሰዎች ቃሬዛውን ከነየብርጓል ብድግ አደረጉት፤ ሚዛኖቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ አርባ ስድስቱ ግን ራስጌውን ተከትሎ ሄደ። አቶ ሙላት ሜዳ ሌላ ቁልቁለት ሌላ ነው አሉ። ይህንንም እሺ አለችና ግርጌውን በድንጋይ ጉልበት ድረስ ከፍ አስደረገችው። የብርጓል ወደ ራስጌው ትንሽ ተንሸራተተች። አርባ ዘጠኝና ሃያ ሰባት ሆነ። ፀደንያ እንግዲህ ጊዜዋ ደረሰና፣ ዘጠና ስምንት ኪሎ ሰው እንዲህ ቢተኛ ለይታያልና ለጓደኛው ሰባ ሁለት፣ ለግርጌዎቹ ሠላሳ ስምንት እንደሚደርስ አሰላችላቸው። ልዩነቱ ሠላሳ አራት ኪሎ ነው፤ ክብር ሲባል የኖረው እሱ ነው፣ አለች።

ከዚህ በኋላ የጠበቀችው አገሬው አፉን ከፍቶ እንዲደነቅ ነበር። የተደነቀ የለም። አንሙት የሚባል ዕድሜ ልኩን የራስጌ ሰው የሆነ ሽማግሌ ከተቀመጠበት ሳይነሣ መለሰላት።

«እኛማ በትከሻችን እናውቀዋለን፣ መምህርት» አለ። «የጠየቀን የለም እንጂ።»

ፀደንያ ደነገጠች። ስንት ቀን ሙሉ ላላዋቂ ሕዝብ አዲስ ዕውቀት ይዛ የመጣች መስሏት ነበር። ሁሉም ያውቅ ኖሯል፤ ራስጌዎቹ በትከሻቸው፣ ግርጌዎቹ በዝምታቸው። የጠፋው ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚያነብ ብቻ ነው።

የመዝገቡ ጸሐፊ መሪጌታ ፍሥሐ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተነሡ። ማኅሌት ላይ ሲቆሙ መቋሚያውን ሲደገፉ እግራቸው እንደሚያርፍ፣ ብብታቸው ግን እንደሚያቆስል፣ ይህንንም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቁት ተናገሩ። ክብደት ከአንዱ ሲቀል ሌላው ላይ ያርፋል እንጂ የትም አይጠፋም አሉ። ስለዚህ ይታያል ወደ እድሩ ይመለስ፣ ከእንግዲህም ራስጌና ግርጌ በተራ ይሁን፣ የመጀመሪያው የራስጌ ተራ ደግሞ እስከ ዛሬ በትሕትና ለቆዩት ይድረስ ብለው ተቀመጡ። ከራስጌዎቹ ሰፈር ያልታየ ጥርስ አልነበረም።

አቶ ሙላት በሕዝብ ፊት ትሕትናቸውን መካድ አልቻሉም። ይታያልን መለሱት፤ በመዝገቡ ላይ ግን «በምሕረት» ተብሎ እንዲጻፍ አደረጉ። ባልበደለው በደል ማሩት ማለት ነው። ፀደንያ ነገሩ እዚህ ላይ ቢበቃት ጥሩ ነበር፤ አልበቃትም። ቁልቁለት ላይ እግር ቢቀድም ሸክሙ ወደ እኩል እንደሚቀርብ ተናገረች። ጉባኤው ባንድ አፍ አጉረመረመ። አቶ ሙላት ያጡትን ሞገስ መልሰው ያገኙት ያን ጊዜ ነው፤ ሕያው ሰው እንደ ሬሳ ይውረድ የምትል ሴት እዚህ አገር ምን ታስተምራለች ብለው ጠየቁ። አንሙት እንኳ ፊቱን አዞረ። የብርጓልም ብትሆን አማተበች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ረፋዱ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ወንጌላዊት ደብተሯን ጥላ ከክፍል ወጣች፤ ፀደንያም ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ተከተለቻት። ቃሬዛው ተነሥቷል። የብርጓል ፊቷ አመድ መስሏል፤ የጠፍሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ከሥሯ ያለው ጨርቅ ደም ነክቶታል። ራስጌውን አቶ ሙላትና ታናሽ ወንድማቸው፣ ግርጌውን ይታያልና አንሙት ይዘዋል። መሪጌታም መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ከኋላ ይከተላሉ።

አቶ ሙላት ሲነሡ ደረታቸውን ነፍተው፣ ይኸው ከበደ የሚባለው ይኼ ነው እያሉ ነበር። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ወሬያቸውን አቆሙ። በሁለተኛው ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ ሊያነሡት አልሞከሩም። ቀያሪዎቹ ገና ከኋላ ናቸው። ሸርተቴ አናት ላይ ሲደርሱ ፀደንያ ጉልበታቸው ሲርበተበት አየች። የናቀችው ሰው ነው፤ እንዲህ ሲቃትት ማየት ደስ ሊላት በተገባ። ደስታ ግን አልመጣላትም፤ ቃሬዛው ላይ ያለችው የብርጓል ናትና ፈራች።

ይታያል ከግርጌ ሆኖ ቀስ ብሎ ተጣራ። «አያ ሙላት፣ ልቀይርዎት?»

አቶ ሙላት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እርምጃ እንደ ሄዱ «አውርዱ» አሉ። ቃሬዛው መሬት ነካ። አቶ ሙላት ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ ሸለቆውን አሻግረው አዩ፣ ወደ ሰማይም አዩ።

«አባቶቻችን እኮ ቁልቁለት ላይ እግር አስቀድመው ነበር የሚያወርዱት» አሉ። «እኛ ነን የረሳነው። አዙሩት።»

መሪጌታ ብቻ በረጅሙ ሳሉ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ፊት አይሳቅም፤ የአባቶችንም ልማድ ዳኛ ካስታወሰው ማን ይከራከረዋል። ቃሬዛውን ባለበት አዞሩት። አቶ ሙላትና ወንድማቸው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ቃሬዛው ሲዞር ግርጌው ወደ እነሱ መጣ፤ ራስጌው ተመልሶ ይታያልና አንሙት ጋ ደረሰ። አቶ ሙላት ወዲያው ቀልጠፍ ብለው ግርጌውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ፀደንያ ነገሩ ገብቷት ለመናገር ትንፋሿን ስትሰበስብ ወንጌላዊት ቀደመቻት።

«አያ ሙላት፣ የእርስዎ ተራ ራስጌው ነው» አለች ልጅቷ። «እሱ ወደ ላይ ዞሯል፤ እርስዎም አብረው ይዙሩ።»

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለእድር ዳኛ እንዲህ ስትናገር በጓሳ አምባ ተሰምቶ አያውቅም። አቶ ሙላት የሚያግዛቸው ፊት ፈለጉ። ወንድማቸው ጫማውን ያያል። አንሙት ቦታውን ለቆ ወደ ፊት መውረድ ጀምሯል፤ ይታያልም ከኋላው ነው። የብርጓል ምጡ ፋታ በሰጣት ቅጽበት ከትራሷ ቀና አለች።

«በራሴም በእግሬም ውሰዱኝ» አለች። «ብቻ አትቁሙ።»

አቶ ሙላት ዞረው ወደ ላይ ወጡና ራስጌውን ተሸከሙ። ያኔ ሸክሙ ከመጀመሪያው ይልቅ ተቀራርቦ ነበር፤ የብርጓልም ወደ ራስጌው መንሸራተቷ ቀረ። ቀያሪዎቹ ደርሰው ተራ በተራ እያነሡ ሸርተቴን አለፉ፣ ወንዙን ተሻገሩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ አዋላጇ እግሯ ቀድሞ ስትገባ አይታ ሞታለች ብላ ደነገጠች። የብርጓል ግን ዓይኗን ከፍታ ውኃ ጠየቀች። ደሟ ቆመላት፤ ከቀትር በኋላም ሴት ልጅ ወለደች።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። መሪጌታ ፍሥሐ አቶ ሙላት እየነገሯቸው የጻፉትን አዲስ ደንብ አነበቡ። ከእንግዲህ ቁልቁለት ላይ ሕያው ሰው እግሩ ቀድሞ ይወርዳል፤ ይህም የአባቶች ነባር ልማድ ሲሆን ተረስቶ የነበረውን መርምረው ያስታወሱት ዳኛ ሙላት ናቸው ይላል። አንብበው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ከመዝገቡ አላነሡም። ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ሙላት በትሕትና አንገታቸውን ደፉ።

የፀደንያ ደም ፈላ። መርምረው ያስታወሱት። በገዛ ትከሻቸው ሁለት ጠመዝማዛ እስኪሸከሙ ድረስ፣ ሚካኤል ፊት ሲመዘን እንኳ ያልገባቸውን ሁሉ ባንድ ጊዜ የአባቶች ልማድ አደረጉት። ወደ ወንጌላዊት ጠጋ ብላ፣ ተነሥታ እውነቱን እንድትናገር፣ መዝገቡ ላይ መጻፍ ካለበት የእናቷና የእሷ ስም እንደሆነ በጆሮዋ ነገረቻት። አንቺ ካልተነሣሽ እኔ እነሣለሁ አለቻት።

ወንጌላዊት ሕፃኗን ታቅፋ ለእናቷ ዘመዶች ልታሳይ ይዛት መጥታለች። መምህርቷን ረጋ ብላ አየቻት።

«ይጻፉት፣ መምህርት» አለች። «እናቴ በሕይወት ቤት አለች።»

ፀደንያ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ወንጌላዊት ክንዷ ስለደከመ ሕፃኗን ሰጠቻት። ፀደንያም በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ትሆናለች።